ይቺ ትበቃታለች

ሱቅ ገብቼ «መሰርሰሪያ አሳየኝ» ያልኩት እኔ ነኝ። «ምን ዓይነት ይሁንልዎ?» ተብሎ የተጠየቀው ልጄ ነው። እኔ ባንኮኒው ፊት ቆሜያለሁ፤ ልጄ ከኋላዬ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል፤ ሻጩ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ እሱን ያያል። የሆነ ዕቃ የጋረደው ይመስል አንገቱን ያሰግጋል። የጋረድኩት እኔው ነኝ።

«ጠያቂዋ እዚህ ነኝ» አልኩት።

«እሺ ማዘር፣ ችግር የለም» አለና ዓይኑን መልሶ ልጄ ላይ ተከለ።

ማዘር የሚባለውን ቃል ማን እንዳመጣብን አላውቅም። ያመጣው ሰው ቢገኝ የምለው ነገር ነበረኝ። ወንበር ይለቁልሻል፣ መንገድ ያሻግሩሻል፣ የምትናገሪውን ግን አይሰሙሽም፤ ማዘር ማለት ይኸው ነው። ለእናትነቱ የወለድኳቸው ይበቁኛል። በየሱቁ የወለድኩት ልጅ የለኝም።

አናጢ ነኝ። ባለቤቴ አናጢ ነበር፤ እኔ መጀመሪያ ጣውላ ያዥ፣ ቀጥሎ መላጊያ ገፊ፣ የሱ ዓይን ሲደክም ደግሞ ለኪና ቆራጭ ሆንኩ። እሱ ካረፈ ወዲህ የሰፈሩን በር፣ መስኮትና ቁም ሳጥን የምሠራው ብቻዬን ነው። ሰው ግን እስከ ዛሬ «የአናጢው ሚስት» ነው የሚለኝ። የሞተው አናጢ፣ የቆምኩት ሚስት። ቁም ሳጥን ሠርቼ ሳስረክብ እንኳ በእጃቸው ዳበስ ዳበስ ያደርጉና «እንዴት ያምራል፣ ማን ሠራው?» ይሉኛል፤ ሰጋቱራው ገና ከፀጉሬ ላይ ሳይራገፍ። ትምህርት ቤት የሚሉትን ደጃፉን እንጂ ውስጡን አላውቀውም። ደጃፉንም የማውቀው በሩን ስለሠራሁት ነው።

መሰርሰሪያ የፈለግኩት ለጨዋታ አልነበረም። የዳቦ ቤቷ እመቤት ለዱቄት ማስቀመጫዋ ባለ ሁለት ተካፋች በር አዘዘችኝ። እንጨቱ ምስማር የሚያጣምም፣ መጋዝ የሚያለቅስበት ነው። መቃኖቹ ግድግዳው ውስጥ ቆመዋል፤ በሩ ተልጎ፣ ተጣብቆ ተዘጋጅቷል። የቀረው ማጠፊያውን መግጠም ነው። በሩ ከባድ ስለሆነ ማጠፊያው በጠመዝማዛው ምስማር፣ በቪቴ፣ አይያዝም፤ መቃኑን በስቶ በወዲያ በኩል የሚወጣ፣ የትንሿን ጣቴን ያህል የሚወፍር ብሎን ይፈልጋል። ቀዳዳው ከሌለ ብሎን የለም፤ ብሎን ከሌለ በር የለም።

የባለቤቴ መሰርሰሪያ ባለ ገመድ ነው። የዱቄት ቤቱ ያለው ከግቢው መጨረሻ ነው፤ ሶኬት በአቅራቢያው የለም። ገመድ ቀጥዬ ልዘርጋ ብል የዳቦ ጋሪው ቀኑን ሙሉ በዚያ ይመላለሳል። ስለዚህ ምራቴ መጋረጃ የምትሰቅልበትን ባለ ባትሪ መሰርሰሪያ ይዤ ሄድኩ። እንደ ትንኝ አለቀሰ፣ ጀርባው ጋለ፣ የጥፍር ያህል ገብቶ ቀጥ አለ። የዳቦ ቤቷ እመቤት እጇ በዱቄት ነጥቶ ከጎኔ ቆማ አየችው።

«እትዬ» አለችኝ፣ «ዱቄቱ ቅዳሜ ይገባል። በሩ እስከዚያ ካልቆመ ለብረት በያጁ እሰጠዋለሁ። አይቀየሙኝ።»

አልተቀየምኩም። ዱቄት ደጅ አያድርም። የተቀየምኩት ማታ ቤት ስገባ ነው። ልጄ ወሬው ደርሶት ጠበቀኝ። ልጄ ሹፌር ነው፤ መኪናው የራሱ ናት፤ ከሚስቱ ቀጥሎ የሚወዳት እሷን ነው፤ ምራቴ ግን ቅደም ተከተሉን ትጠራጠራለች።

«እማዬ፣ ይብቃሽ» አለኝ። «ስንት ዘመን ሠራሽ። መሥሪያ ክፍሉን ልቀቂልኝና መኪናዋን ላስገባት። ዝናብ እየበላት ነው።»

«እኔን የሚበላኝስ?»

«አንቺ ቤት ውስጥ ነሽ።»

ይህን ጊዜ ደሜ ፈላ። የተናገርኩትን የተናገርኩት በንዴት ነው፤ ግን ተናገርኩት። «ቅዳሜ በሩን ካላቆምኩ መሥሪያውን እለቅልሃለሁ። ካቆምኩት ግን ሁለተኛ መኪናህን ከመሥሪያዬ ጋር አጣምረህ አታንሣብኝ» አልኩት። «ተስማማን» አለ። ፈጠነብኝ። ሰው ምግብ ሲቀርብለት እንደዚያ ይፈጥናል።

እንግዲህ በማግስቱ ሱቅ የሄድኩት ይህን ተሸክሜ ነው። ልጄ «ላድርስሽ» አለ፤ እኔም «እሺ» አልኩ። እሺ ባልል ይሻለኝ ነበር።

ሻጩ ሁለት መሰርሰሪያ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አጋደማቸው። ሁለቱም በባትሪ የሚሠሩ፣ ቀለማቸው አንድ፣ መልካቸው የአንድ እናት ልጅ። አንደኛው ወፈር ይላል እንጂ ከሩቅ አይለዩም።

«ማዘር፣ ይቺን ይዩዋት» አለኝ። «ቀለል ያለች ናት፤ እጅ ላይ ታምራለች። ያኛው ጉልበተኛ ነው፣ ይከብዳል። እሱ የወንድ ነው።»

«ወንድነቱን በምን አወቅህ?» አልኩት። «ገልብጠህ አይተኸዋል?»

ከጎኔ የቧንቧ ዕቃ ሊገዛ የቆመ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሻጩ አንገቱን ደፋ። ልጄ «እማዬ፣ ተይ እንጂ፣ ሰው አለ» አለኝ። ሰው መኖሩ ያሳሰበው አሁን ነው።

ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። በኛ አፍ ትንሽ ነገር ሁሉ ሴት ነው። ማንኪያ ስታንስ «ማንኪያዋ»፣ ቤት ስትጠብ «ቤቷ»፣ ደካማ ዕቃ ከተገኘ «ይቺ»። ገዘፍ ያለ እንደሆነ ወንድ ይሆናል። ታዲያ ፀሐይን ምን ልናደርጋት ነው? «ወጣች» «ጠለቀች» ነው የምንላት። ትንሽ ናት? ትንሽ ናት የሚል ጠጋ ብሎ ይሞክራት።

ሻጩ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ለልጄ ያነብለታል። ይህን ያህል ቮልት፣ ያን ያህል ዙር። ልጄ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከመኪና ጎማ ሌላ ስለሚዞር ነገር የሚያውቀው የለም።

«ቮልቱን ለጊዜው ተወው» አልኩት ሻጩን። «ፑንታው፣ መብሻ ብረቱ፣ ጠንካራ እንጨት ውስጥ ገብቶ ሲጨብጥ፣ ይሄ ወፍራሙ ይቆማል ወይስ ይቀጥላል?»

«እሱ አይቆምም ማዘር። እጅዎን ነው የሚጠመዝዘው።»

«ታዲያ ለእጄ ምን አደረጉለት?»

ከካርቶኑ ውስጥ በጎን የሚታሰር እጀታ አወጣ። «ይሄን በግራ እጅ ይይዙታል። ይቺኛዋ ግን የላትም፤ አያስፈልጋትም፣ ጉልበቷ ያን ያህል አይደለም።»

«እማዬ፣ ያን እጅሽን አስቢው እንጂ» አለ ልጄ ከኋላ።

«እጄን ለኔ ተውልኝ።»

ከቤት በጨርቅ ጠቅልዬ ያመጣሁትን ፑንታ አውጥቼ የወፍራሙ አፍ ውስጥ ከተትኩት። ልክክ አለ። አጠበቅኩት፣ ነቀነቅኩት፣ አልተንገዳገደም። ክብደቱን በቀኝ እጄ መዘንኩት። ይከብዳል፤ አዎ። ግን የሚከብደው እጀታው ላይ ነው፣ ጫፉ ላይ አይደለም። ጫፉ የሚከብድ ዕቃ ነው ሰውን የሚያደክም።

«ይሄኛውን» አልኩ። ቦርሳዬን ለልጄ ሰጥቼ፣ እሱ ሲከፍል ብሎን ልመርጥ ወደ ጥግ ሄድኩ።

ብሎን እየመረጥኩ ሳለ ሰማሁት። ሻጩ ዝቅ ባለ ድምፅ «ይቺን ነው አይደል?» አለ። ልጄም «አዎ፣ ይቺን። ይቺ ትበቃታለች» አለ።

በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔው ባዳ ሆነብኝ። ምክንያቱም ልጄ የወደደውን ነገር ሁሉ «ይቺ» ይላል። መኪናው ይቺ ናት፣ ስልኩ ይቺ ናት፣ ጫማው እንኳ አዲስ ሲሆን ይቺ ናት፤ ሲያረጅ ነው «ይሄ ጫማ» የሚባለው። እና ምን አልኩ? የኔን ትልቁን መሰርሰሪያ ወደደልኝ አልኩ። «ትበቃታለች» ማለቱም፣ እውነቱን ነው፣ ለዚያ በር ትበቃኛለች አልኩ። ደስ አለኝ፤ አሁን ሳስበው የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ብሎኑን እየቆጠርኩ ለብቻዬ ፈገግ ብያለሁ።

ካርቶኑን ልጄ ተሸክሞ መኪናው ውስጥ አስቀመጠው። ቤት ስንደርስ «ባትሪውን እኔ ልሰካልሽ» አለ። አሳቢ ሆኖ። እኔም ደክሞኝ ነበርና ተኛሁ።

ዓርብ ጠዋት የዳቦ ቤቱ ግቢ ደረስኩ። የመጀመሪያው ዳቦ ወጥቶ ጋሪዎቹ ይጫናሉ። በሩን ሦስት ጋጋሪዎች አግዘውኝ ከግድግዳው ጥግ አስደገፍነው፤ ማጠፊያው የሚያርፍበትን በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። መሰርሰሪያውን ከካርቶኑ አወጣሁት። የጎን እጀታውን ፈለግኩ፣ የለም። ረስቶት ይሆናል አልኩ። ፑንታዬን ወደ አፉ አስጠጋሁ።

አልገባም።

አፉን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። አልገባም። ትናንት ልክክ ብሎ የገባ ፑንታ ዛሬ ከንፈሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ፑንታው አድሮ አይወፍርም። ዕቃውን በእጄ መዘንኩት፤ እጄ ያኔ ነገረኝ። ከካርቶኑ ጋር ስሸከመው ቻርጀሩም፣ ተጨማሪ ባትሪውም አብሮ ስለነበር ክብደቱ አልታወቀኝም ነበር። ለብቻው ሲሆን እንደ ማማሰያ ቀለለኝ።

ያም ሆኖ እጄን አጣጥፌ አልተመለስኩም። ቀጭን ፑንታ አገባሁና መቃኑ ላይ ያዝኩት። ከምራቴ መሰርሰሪያ ትሻላለች፤ የጣት አንጓ ያህል ገባች። ከዚያ ማቃሰት ጀመረች፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተ፤ ቆመች።

አንዱ ጋጋሪ፣ ለክፋት ሳይሆን ለማጽናናት፣ «እትዬ፣ ይቺ እኮ ለፎቶ መስቀያ ናት» አለኝ። የዳቦ ቤቷ እመቤት ከደጁ ቆማ አይታኝ ተመልሳ ገባች። ስትሄድ ስልኳን ከኪሷ አወጣች። ማን ጋ እንደምትደውል ንገሪኝ አላልኳትም። ብረት በያጁ ጋ ነው።

ዕቃውን ካርቶኑ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። ወደ ቤት ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድኩት አላውቅም፤ ሰላም ያሉኝ ሰዎች ይቅር ይበሉኝ።

ልጄ ከበር ላይ መኪናውን ያጥባል። ምራቴ ልብስ ታሰጣለች። ካርቶኑን የመኪናው አፍንጫ ላይ ቁጭ አደረግኩት።

«እማዬ፣ ቀለሟን ትጭሪያታለሽ» አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መሰርሰሪያሽ ነዋ።»

«የኔ አይደለም። የኔ አፉ ሰፊ ነው።»

«ያንቺ አፍ መስፋቱንማ ሰፈሩ ያውቃል» አለና ሊስቅ ሞከረ። እኔ ካርቶኑን ወደሱ ገፋ አደረግኩት። ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ጣለው። «ሻጩ ተሳስቶ ይሆናል።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉታል እንዲህ ያለውን። «ሻጩ አልተሳሳተም» አልኩት። «ጠየቀህ፤ ‹ይቺን› አልከው። እዚያው ሆኜ ሰምቼሃለሁ። የወደድክልኝ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ምራቴ የልብስ መቆንጠጫ በአፏ እንደያዘች ዞረች፤ አወጣችውና «አንተ፣ ለውጠህ ነው የሰጠሃቸው?» አለችው።

«አንቺ ደግሞ አትግቢ።»

«የኔን የመጋረጃውን አቃጥለውት መጥተዋል፤ ገብቻለሁ እኮ» አለች። ምራቴን የምወዳት በዚህ ነው፤ ስታግዝሽም ትቆነጥጥሻለች።

ልጄ እጁን በሱሪው ጠረገ። «እሺ፣ እኔ ነኝ። ለምን መሰለሽ? ባለፈው ክረምት የአባዬ ባለ ገመዱ እጅሽን ሲጠመዝዘው ማን ሐኪም ቤት ወሰደሽ? በፋሻ ታስረሽ ማን ነው ልብስሽን የቆለፈልሽ? ያ ትልቁ ደግሞ ከሱ ይብሳል። ሻጩ ራሱ ‹እጅ ይጠመዝዛል› ብሎሻል። እጅሽ ቢሰበርስ? በዚህ ዕድሜ አጥንት አይገጥም እማዬ።»

ያለው ውሸት አይደለም። እጄ ተጠምዝዟል። ሲበርድ እስከ ዛሬ ይሰማኛል፤ ለማንም አልናገርም እንጂ። ግን እጄን የጠመዘዘው ጉልበት አልነበረም፤ በአንድ እጅ መያዜ ነው። ያ አሮጌ ዕቃ ሁለተኛ መያዣ የለውም። ይሄኛውን የመረጥኩት ሁለተኛ እጀታ ስላለው ነው፤ ይህንንም ሱቁ ውስጥ ሻጩን ስጠይቅ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ቆሞ ነበር እንጂ አልሰማም። ያቺን ደካማዋን ደግሞ እንጨት ውስጥ ለማስገባት በደረቴ ተደግፌ ልገፋት ነው፤ እጄ የሚጎዳው ያኔ ነው። ይህን ሁሉ ነገርኩት። ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠኝ፤ ሬዲዮ እንደሚያዳምጥ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ» አልኩት። «ይህን ያደረግከው ለእጄ አስበህ ነው ወይስ ለመኪናህ?»

መኪናዋን አየ። እኔን አየ።

«ለሁለቱም» አለ።

እውነቱን ስለተናገረ ማክበር ነበረብኝ መሰለኝ። ንዴቴ ግን እጥፍ ሆነ። ሙሉ በሙሉ ለመኪናው ብሎ ቢሆን ሌባ ብዬው አርፍ ነበር። ሙሉ በሙሉ ለእጄ ብሎ ቢሆን ሞኝ ብዬው እስቅ ነበር። ፍቅሩን ከጥቅሙ ጋር ለውሶ ሲያቀርብልኝ የቱን ልትፋ የቱን ልዋጥ?

«ተነሥ፣ ሱቅ እንሂድና መልስ» አልኩት።

«እኔ አልሄድም። ሰውየው ምን ይለኛል? ትናንት እንዲያ ብዬው ዛሬ…»

«አፈርክ?»

«አላፈርኩም፤ ሥራ አለኝ።»

«ሥራህ ያ ባልዲ ነው?»

ካርቶኑን አንሥቼ ወጣሁ። ምራቴ እስከ መንገዱ ድረስ ተከትላኝ መጣችና ከመሥሪያዬ ያወጣችውን የመቃኑን ቁራጭ እንጨት አቀበለችኝ። «ይዘውት ይሂዱ እማማ። አፍ አይታመንም፣ እንጨት ያሳዩአቸው» አለችኝ። ማዕድ ቤት ውስጥ ከምራት ጋር የሚጣሉ ሴቶች አሉ፤ እኔ ከመካከላቸው አይደለሁም።

ሱቁ ዓርብ ከሰዓት ስለሆነ ሞልቷል። ቀለም የሚያስበጠብጥ ቀቢ፣ የመታጠቢያ ቧንቧ የሚመርጡ ባልና ሚስት፣ ምስማር የሚያስመዝን ግንበኛ። ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አኖርኩት።

«ያልጠየቅኩህን ሰጥተኸኛል» አልኩት ሻጩን።

ካርቶኑን አየ፤ እኔን አየ፤ ከኋላዬ ደግሞ ልጄን ፈለገ። ሲያጣው እውነቴን ነው የምላችሁ ተጨነቀ።

«ማዘር፣ ልጅዎ ናቸው እኮ ይቺን ያሉኝ።»

«አንተን ያናገርኩህ እኔ ነኝ።»

«እሱማ ልክ ነዎት። ግን ተከፍቷል፣ ተሠርቶበታል። እንደዚህ ያለ ዕቃ አይመለስም።»

«ከወዲያኛው ጋር ነው የምትለውጠው። የሚጨመረውን እጨምራለሁ። ገንዘቤን መልስ አላልኩህም። አሁን ያን ወፍራሙን አውጣልኝ፤ ልሞክረው።»

«ማዘር፣ ቢመታዎት እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

«በኔ እጅ አንተን ማን ይጠይቅሃል?»

ግንበኛው ምስማሩን ትቶ ዞረ። «ወንድም፣ አውጣላቸው እንጂ። እኛም እንይ» አለ። ለኔ አስቦ አይደለም፤ ትርኢት ፈልጎ ነው። የሆነው ይሁን፣ ዕቃው ወጣ። የጎን እጀታውን ራሴ አሰርኩት። ፑንታዬን ከጨርቁ ፈትቼ ከተትኩት፤ ልክክ። ባንኮኒው ጫፍ ላይ የታሰረ ሞርሳ ነበር፤ የመቃኑን ቁራጭ በሱ አስጨነቅኩት። እግሬን ከፈት፣ ክርኔን ከጎድኔ ጥብቅ አደረግኩ፤ ባለቤቴ ሲሠራ ሳየው የኖርኩት አቋቋም ነው።

ተጫንኩት። አላለቀሰም። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ከእንጨቱ ጋር እየተነጋገረ የሚሄድ ዓይነት። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ወጣና እጄ ላይ ፈሰሰ፤ ሞቅ ይላል። መካከል ላይ ሲደርስ ፑንታው ጨበጠ። ጨበጠ ስላችሁ፣ እንጨቱ ፑንታውን ነክሶ ያዘው፤ ዕቃው ደግሞ አልቆምም ብሎ በኔ በኩል ሊዞር ተነሣ። ግማሽ እርምጃ ጎተተኝ። የጎን እጀታው መሐል እጄን ላጥ አደረገው። ፈርቻለሁ፤ አልደብቅም። ከኋላዬ ቧንቧ የምትመርጠው ሴትዮ «ወይኔ» ስትል ሰማሁ።

ግን አልጠመዘዘኝም። ግራዬ ያዘው። ጣቴን ከማስነሻው ላይ አነሣሁ፣ ወደ ኋላ አዞርኩት፣ ፑንታውን አወጣሁ፣ ቀዳዳውን እፍ አልኩ። እንደገና ገባሁ፤ አሁን እየጠጣ እንደሚተነፍስ ሰው፣ ትንሽ ገባ ትንሽ ወጣ እያደረግኩ። በወዲያ በኩል ወጣ። ብሎን ከኪሴ አውጥቼ በቀዳዳው ውስጥ ሰደድኩት፤ ያለ መዶሻ ሄደ።

ማንም አላጨበጨበም፤ እኔም ጭብጨባ ልለምን አልሄድኩም። ቀቢው «ጥሩ ዕቃ ነው» አለ። ተመልከቱልኝ፤ ዕቃው ነው ጥሩው። የያዘችው እጅ የለችም።

«እንግዲህ ጠቅልልልኝ» አልኩት ሻጩን። «ነገ ጠዋት፣ ብረት በያጁ ሳይቀድመኝ፣ በር የማቆምበት ነው።»

ሻጩ እንጨቱን በጣቱ ዳሰሰ፤ ቀዳዳውን በብርሃን አየ። ጥሩ ልብስ እንዳየ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«በጣም ጥሩ ማዘር። እንግዲህ ለማንኛውም ልጅዎ ጋ ልደውልና ላስፈቅድ። የተሸጠው ለሳቸው ነዋ፤ ቁጥራቸውን ትናንት ሰጥተውኛል።»

እዚያ ላይ ዓይኔ ጨለመ። ባጭሩ ልንገራችሁ፤ በሕይወቴ ሰው ላይ ዕቃ ወርውሬ አላውቅም፤ በዚያች ደቂቃ ያልወረወርኩት ዕቃው የኔ ስለሆነና እንዳይሰበርብኝ ነው። ዓይኑ እያየ በስቻለሁ። እንጨቱ ሞርሳው ላይ ነው፣ ብሎኑ ውስጡ ነው፣ ፍቅፋቂው የሱ ባንኮኒ ላይ ነው። አሁንም የሚያምነው እቤት መኪና የሚያጥበውን ነው።

«ደውል» አልኩት።

ያልጠበቀው ነበር። «እ?»

«ደውል እንጂ። ድምፁን ክፈትና ስልኩን እዚህ አስቀምጠው፤ ሁሉም እንዲሰማው።»

ደወለ። ስልኩን ባንኮኒው ላይ፣ ከፍቅፋቂው አጠገብ አኖረው። ጠራ። ግንበኛው ክንዱን አጣጥፎ ተደገፈ። ባልየው ለሚስቱ አንድ ነገር ሊናገር ሲል በክርኗ ነካችው።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለ ልጄ።

«እኔ ነኝ። እናትህ።»

«እማዬ፣ ደኅና ነሽ? እጅሽ…»

«እጄ ደኅና ናት። ያለሁት ሱቁ ውስጥ ነው። የምትናገረውን እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማዋል፤ ቀድሜ ነግሬሃለሁ። ትልቁን ሞከርኩት። ጎተተኝ፤ አልጣለኝም። ቀዳዳው ወጥቷል። ይሄ ሰውዬ ግን አንተ ካልፈቀድክ ዕቃዬን አልሰጥም ብሎኛል። እኔ ፈቃድ አልጠይቅህም፤ የምታስተካክለው ነገር ስላለ ነው ያስደወልኩህ። ትናንት እዚች ባንኮኒ ላይ በሹክሹክታ የተናገርከውን ዛሬ በሙሉ ድምፅህ ታነሣዋለህ። ‹አናጢዋ እናቴ ናት፤ የጠየቀችህን ስጣት› በለው።»

ከወዲያ የባልዲ ውሃ ሲደፋ ተሰማ።

«እማዬ… ሰው እየሰማ ነው እኮ።»

«እንዲሰማ ነው። በል።»